ኤሊዋን ወደ ባሕር የመለሱት ጋሽ እድሪስ

ሰሚራ የደወለችልኝ ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። «ታንተ ዘውዴ» አለች፤ አክስቴ ዘውዴ ማለቷ ነው። ቀጥላ «ፓፓ...» ብላ የቀረውን በደች ቋንቋ ጨረሰችው። እዚህ ያደጉ ልጆች ቀልዱንም ቁጣውንም በእኛ ቋንቋ ይሞክሩታል፤ ሞት ሲመጣ ግን ትምህርት ቤት ወደተማሩበት ይሸሻሉ። አልፈረድኩባትም። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ከሰጠ አባቷ በማግስቱ እንደሚቀበሩ ነገረችኝ። ጥቁር ልብስ መፈለግ አላስፈለገኝም። ባለቤቴ ሙሉጌታ ካረፈ ወዲህ ሌላ ቀለም አልለበስኩም።

ስለ ጋሽ እድሪስ ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ሳምንታት አልፈዋል። ትንሽ እጽፍና ተነሥቼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፤ ተመልሼ ስቀመጥ የጻፍኩት ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለኛል። የምፈራው ጻድቅ እንዳላደርጋቸው ነው። ጻድቅ አልነበሩም። ግትር ነበሩ። ሲያኮርፉ ሳምንት ያኮርፋሉ። ዳማ ሲጫወቱ ያጭበረብራሉ፤ ሲያዙ ደግሞ «ዓይንሽ ፈጣን መሆኑን ልፈትን ብዬ ነው» ይላሉ።

የተገናኘነው እዚህ ደቾች አገር፣ ስኬቨኒንገን ከተባለው ዳርቻ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ከቆመ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኔ ክፍል አጸዳ ነበር፤ እሳቸው ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ይሠሩ ነበር። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ይዘን ፊት ለፊት እንቆማለን። መጀመሪያ ቀን ስሜን ስነግራቸው ሳቁ።

«ዘውዲቱ? እንግዲያማ ንግሥት ናት የሰጡኝ። ንግሥት ሆይ፣ ጫፉን ጠበቅ አድርጊው! ሸራ እንጂ መሐረብ አይደለም!»

የተወለዱት ከምጽዋ ወዲያ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ነው። ወጣት ሳሉ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዱ ነበር። አማርኛውን የተማሩት እዚያው፣ ከባሕር ኃይል ሰዎችና ከጉምሩክ ሠራተኞች ነው፤ ስለዚህ ሲቆጡ እንደ ሃምሳ አለቃ፣ ሲለማመጡ እንደ ጉምሩክ ሹም ይናገራሉ። ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን እዚህ። ሚስታቸው ሰሚራን ትታላቸው ሞታለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የነገሩኝ፣ አንሶላ እያጠፍን፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው።

የሰሜን ባሕርን ይንቁታል። «ይኼ ባሕር ነው? ይኼማ የእኛ ማሽን የሚደፋው እጣቢ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ሥራ ሲወጡ ያንኑ እጣቢ ቆመው ሳያዩ ትራም አይሳፈሩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አገጫቸውን ወደ ነፋሱ ቀና አድርገው ይቆማሉ። ብርዱ አጥንት ሲሰብር እንኳ ያ አቋማቸው አይለወጥም ነበር።

አንድ ጥር፣ የደቡብ ምዕራብ ማዕበል ሲመታ ሰንብቶ ጋብ ባለበት ቀን፣ ሙሉጌታ ከሥራ ሊወስደኝ መጣ። ሮተርዳም መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ፈረቃው ሲፈቅድለት እየመጣ ሦስታችን አሸዋው ላይ ትንሽ እንሄዳለን። ማዕበሉ ብዙ ነገር ተፍቶ ነበር። የዓሣ ሣጥን፣ ገመድ፣ አንድ እግር ቦት ጫማ። ከዚያ ወዲያ የባሕር ሣር የለበሰ ድንጋይ አየሁ። ጋሽ እድሪስ ግን ድንጋይ እንዳልሆነ ከሩቅ ዐወቁ፤ መሮጥ ጀመሩ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኤሊ ነበረች። ስፋቷ የሰፌድ ያህላል። ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ ሣርና ትንንሽ ዛጎል ተጣብቋል። ራሷ ለአካሏ ከሚገባው በላይ ትልቅ ነው፣ ዓይኗ ተከድኗል።

«ጋሼ፣ የሞተ ነገር አይንኩ» አለ ሙሉጌታ።

ተንበርክከው በትንሿ ጣታቸው የዓይኗን ዳር ነካ አደረጉት። የዓይኗ ቆብ ተንቀጠቀጠ።

«አለች!» አሉ። «አለች፣ ወላሂ አለች!»

ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ላደርሳት ነዋ!»

«ጋሼ፣ ይኼ ውኃ ይገድልዎታል!» አልኩ።

«የሚገድል ከሆነ እኔን ነው፤ እሷን ምን ያደርጋታል? ቤቷ ነው!»

ሙሉጌታ እየተራገመ ጫማውን አወለቀ። ሽማግሌ ብቻውን ውኃ ሲገባ ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም። አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል ይዘዋት ገቡ፤ ማዕበሉ እስከ ጭናቸው ደረሰ። እኔ ጫማዎቹን ታቅፌ አሸዋው ላይ ቆምኩ። ውኃው ሲነካት አንድ ክንፏን አንቀሳቀሰች፣ ወደ ታችም ሄደች። አጨበጨብኩ። ከሩቅ ከውሻዋ ጋር የምትሮጥ ሴት እጇን አንሥታ የሆነ ነገር ጮኸች። ነፋሱ ወሰደው። ደስታችንን የተካፈለች መስሎን ሦስታችንም እጃችንን አወዛወዝንላት።

ሆቴሉ ወጥ ቤት ገብተን ሻይ አፈላሁላቸው። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይስቁ ነበር። ያኔ ነው የደሴታቸውን ልማድ የነገሩን። እሳቸው አገር ኤሊ ከባሕር የምትወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመውለድ። ሲጨልም ትወጣለች። አሸዋው ላይ የምትተወው ዱካ የትራክተር ጎማ ይመስላል። በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ እንደ እጅ አድርጋ አሸዋውን እያፈሰች ታወጣዋለች። እንቁላሉን ጥላ ትከድንና ድምጥማጡን አጥፍታ ትመለሳለች። ስትወልድ ከዓይኗ ውኃ ይወርዳል። ልጆች ሳሉ ዱካውን ተከትለው ቆፍረው፣ ከላይ ከላዩን ወስደው የታችኛውን ይመልሱ ነበር። ለዚያ የሚከፈል ነገር ደግሞ ነበረው።

«እናቴ ‹እንቁላሏን የበላ መንገዷን ያውጣ› ትል ነበር» አሉ። «አንዳንዷ ድንጋይ መካከል ገብታ መውጫው ይጠፋትና ፀሐይ ይደርስባታል። ያገኛት ሰው፣ ዓሣ አጥማጅም ይሁን ሙሽራ፣ ሥራውን ትቶ ጎትቶ ባሕር ያደርሳታል። ያላደረሳት እንቁላሉ ሆዱ ውስጥ ይጮኽበታል ይባላል።»

«የእርስዎስ ጮኾ ያውቃል?» አለ ሙሉጌታ።

«በድርቅ ዓመት የታችኛውንም አውጥተን በልተናል» አሉና ሻያቸውን አዩ። «ዛሬ ግን ጸጥ ብሏል።»

በማግስቱ ማዕበሉ ኤሊዋን ሰሜን ላይ፣ ካትቫይክ ዳርቻ መለሳት። ሞታ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ዜና የሚለዋወጡበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ፎቶዋ ወጣ። በሕይወት ያለች ኤሊ ሁለት ወንዶች ስኬቨኒንገን ላይ ወደ ባሕር ሲጥሉ እንደታዩ፣ የሚያውቃቸው እንዲደውል ተጽፏል። እዚህ ባሕር ላይ በብርድ ወራት የምትገኝ ኤሊ በቅዝቃዜ የደነዘዘች እንደሆነች፣ ወደ ውኃ መመለስ ማለት መግደል እንደሆነም ተብራርቷል። ከሥር ሰዎች የጻፉትን አልደግመውም። ሊበሏት ነበር ያለም አለ።

ለሙሉጌታ አነበብኩለት፤ ማታ ለጋሽ እድሪስ እሱ ደውሎ ነገራቸው። ሰምተው ስልኩን ዘጉ። በሚቀጥለው ቀን ቤታችን መጡ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«እሄዳለሁ» አሉ።

«የት?»

«እነሱ ጋ። እኔ ነኝ እላለሁ።»

ሙሉጌታ ተነሣ። «ጋሼ፣ ማን አወቀን? የዜግነት ጥያቄያችን ገና እየታየ ነው። ‹እንስሳ ገደሉ› ተብሎ ቢጻፍብንስ? ዝም ይበሉ እባክዎ!»

እኔም «ሆን ብለው አላደረጉት፣ ምን አስጨነቀዎት?» አልኩ።

«መንገዷን አወጣሁ፤ ወዴት እንደሚወስድ ግን አላወቅኩም» አሉ። «የአንተን ስም አልጠራም፣ ሙሉጌታ። ሁለተኛው ማነው ካሉኝ ሰይጣን ነው እላለሁ።»

የደች ቋንቋቸው ለልብስ ማጠቢያና ለገበያ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም ነበር። ስለዚህ እኔ አብሬ ሄድኩ። ሙሉጌታ በሩ ላይ ፊቱን አዞረብኝ።

ገጹ ላይ ስልኳ የተጻፈው ማሪከ የምትባል ሴት ወደቡ አጠገብ፣ መረብና ቦት ጫማ በተሞላ ክፍል ውስጥ ተቀበለችን። በበጎ ፈቃድ ባሕር ዳሩን የምትጠብቅ ሰው ናት። ፀጉሯ ሽበት፣ እጇ እንደ አናጢ እጅ። ጋሽ እድሪስ ሳይቀመጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በተሰባበረ ደች «እኔ ነኝ» አሉ። «ባሕር ውስጥ እኔ ነኝ የከተትኳት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ስለ እናቴ ንገሪያት» አሉኝ። ስለ እንቁላሉ፣ ስለ መንገዱ ነገርኳት። ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ፤ ያጨበጨብኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ማሪከ እስከ መጨረሻው ሰማች። «በየዓመቱ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አለ፤ ደቾችም ያደርጉታል» አለች። «መጥቶ የነገረኝ ግን የለም።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ወሰደችን። ቀይ ነጥቦቹ ይህች ዓይነቷ ኤሊ የምትወልድባቸው ዳርቻዎች ናቸው አለች። ግሪክ፣ ቱርክ፣ ቆጵሮስ፣ ሊቢያ። ከውቅያኖሱ ወዲያ ደግሞ የአሜሪካ ደቡብ ዳርቻ። የእኛዋ ትንሽ ስለሆነች ከዚያ ወዲያ ተፈልፍላ፣ ጅረቱ እያንከባለለ ሳታውቀው ወደ ብርድ ያመጣት ሳትሆን አትቀርም። ሴቷ አድጋ የምትወልደው እሷ ራሷ በተወለደችበት አካባቢ ነው። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ነጥቦቹ ወደ ስፔንና ወደ ጣልያን እየወጡ ነው። ሰሜን ባሕር ላይ ግን ምንም ነጥብ የለም።

«ስሟ ዲክኮፕ ነው፣ ወፍራም ራስ ማለት» አለች ማሪከ።

ጋሽ እድሪስ ቀና ብለው አዩኝ። «ሙሉጌታን ነው የምትለው?» አሉ በአማርኛ። በዚያ ሁሉ መካከል ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በጣታቸው ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየነኩ ሄዱ። ሊቢያ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አነሡ። የእኅታቸው ልጅ ከዚያ ዳርቻ በጀልባ ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

«እና ዝም ብዬ ቆሜ ላያት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ» አለች ማሪከ። «ከነፋስ መከለል፣ ሰው እንዳይነካት መጠበቅና መደወል። ማሞቅም አይቻልም፤ ሙቀቱ በድንገት ከመጣባትም ትሞታለች። ሮተርዳም ውስጥ ማገገሚያው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚያሞቃት።»

«ምንም አለማድረግ ነዋ።»

«ምንም አለማድረግ፣ ግን ሳይሄዱ።»

ወጥተን ትራሙን ስንጠብቅ፣ «ዘውዲቱ፣ በማታውቂው ባሕር ላይ የምታውቂውን አታድርጊ» አሉኝ። ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁሉም ነገር ዋለ። አንድ ጊዜ ደች ጎረቤቴ ባሏ ሞቶባት፣ እንደ አገራችን ሳልደውል ምግብ ይዤ ለቅሶ ልቀመጥ ሄድኩ። ሴትዮዋ በሩን በግማሽ ከፍታ ቀጠሮ የረሳች መስሏት ደነገጠች። ይህን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ያንኑ ቃል ደገሙልኝ።

ማሪከ ብርቱካናማ ጃኬት ሰጠቻቸው። እጅጌው ጣታቸውን ይውጣል። በብርድ ወራት ማዕበል ካለፈ በኋላ ከወደቡ እስከ ሰሜኑ የአሸዋ ኮረብታ ድረስ ያለውን የሚያስሱት እሳቸው ሆኑ። ለዓመታት በሕይወት ያለች ኤሊ አላገኙም። ክንፉ የተሰበረ ወፍ፣ ሲል የሚባል የታመመ የባሕር እንስሳ፣ አንዴ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝተዋል። ጥርሱን ሆቴሉ ድረስ አምጥተው «ባለቤቱ ባሕሩን ነክሶ ነው» ብለው አስቀውን ነበር። ግን ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ቁጥር ፊታቸው ላይ እረፍት አላየሁም። ሁለተኛ ዕድል የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። ሙሉጌታም ከጊዜ በኋላ አብሯቸው መሄድ ጀመረ። ዜግነታችን ከመጣ በኋላ ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም አላነሡት።

ከዚያ ሙሉጌታ ሞተ። ብዙ አልጽፍም። ምሽት ላይ ደረቴ ከበደኝ አለ። ብርድ መትቶህ ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላሁለት፣ ጋቢ አለበስኩት፣ «ተኛ፣ ጠዋት ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አልኩት። ለአስቸኳይ እርዳታ አልደወልኩም። ለጠዋት አልደረሰም።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው»፣ «አንቺ ምን ታደርጊ ነበር»፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የሥራ ጓደኞቼ፣ ሐኪሙ ራሱ። ጋሽ እድሪስ ጥግ ይዘው በየቀኑ ይቀመጡ ነበር። ሰው በቀለለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ። ብደውል ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ይሆናል» አሉ። «ብትደውዪ ይሻል ነበር።»

ጠላኋቸው። በዚያች ቅጽበት ከልቤ ጠላኋቸው።

«እኔም ባልከታት ይሻል ነበር» አሉ ቀጥለው። «ክፋት አልነበረብንም። ጥፋት ግን ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለተኛውን፣ ጥፋቱን፣ ሊወስዱልሽ ይፈልጋሉ። ቢወስዱልሽ ነገ ብቻሽን ስትሆኚ ተመልሶ ይመጣል፣ ያን ጊዜ የሚያነሣልሽ ሰው አይኖርም። አሁን እኔ እያለሁ አንሺው።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት የነበረው ጩኸት ነበር፤ ልቅሶ አልነበረም። ይህን ባያደርጉልኝ ኖሮ ዛሬ ብዕር የምይዝ ሰው አልሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ። የማልረሳቸውም ለዚህ ነው።

ባለፈው የብርድ ወራት ሳንባቸው ታመመ። ሰሚራ ሮተርዳም አጠገብ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግረዋት ነበር። እሳቸው ግን ለማሪከ ደውለው በእሳቸው ፋንታ የእኔን ቁጥር ሰጥተው ኖሯል። ሳያማክሩኝ። ስልኬ ሲጮኽ ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት እየወጣሁ ነበር። አንዲት ኤሊ ታይታለች፣ መኪናው እስኪደርስ አጠገቧ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

በትራም ስደርስ አንድ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ፣ ኤሊዋን አቅፎ ወደ ውኃው እየተራመደ ነበር። ሁለት ሴት ልጆቹ ከኋላው እየዘለሉ «ፓፓ፣ ፓፓ» ይላሉ። የደች ቋንቋዬ ጠፋብኝ።

«ተው!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። «ተው አልኩህ! አስቀምጣት!»

ቆመ። ቃሉን ባያውቀውም ገባው።

«እሜቴ፣ ባሕሯ እኮ ነው» አለኝ በትሕትና። «መመለስ ትፈልጋለች።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ትሞታለች።»

አስቀመጣት። ለልጆቹ እንዴት እንደሚያስረዳቸው ግራ ገብቶት ፊቱ ቀላ። በደንብ አድርጎ የሚቆጣው ሰው ቢያገኝ ይቀለው ነበር፤ እኔ ግን ልቆጣው አልቻልኩም። ልጆቹን ይዞ ሄደ፤ እኔ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አንገቴ ላይ የሱፍ ሻርፕ ነበር። እጄ ሳላዝዘው ሊያለብሳት ሄደ፤ መለስኩት። የቀዘቀዘ ነገር እያዩ አለማልበስን አልለመድኩም። በቃ ሞተች ስል አንገቷን ቀና አድርጋ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ጸጥ ትላለች። መኪናው ሲመጣ ማሪከን «ትኖራለች?» ብዬ ጠየቅኳት። «አላውቅም፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚሞቱት» አለችኝ።

ኤሊዋ በመኪና፣ እኔ በባቡር፣ ሁለታችንም ወደ ሮተርዳም ሄድን። በሜትሮ ካፔለ ስደርስ ገና አልመሸም። ሰሚራ በሩን ስትከፍት «ታንተ፣ ብዙ አታስወሪው፣ ይደክመዋል» አለችኝ። ጋሽ እድሪስ ትራስ ተደግፈው ነበር። ፊታቸው አንሷል፣ ዓይናቸው ግን የድሮው ነው።

«እጅሽ አሸዋ ነው» አሉ። «አገኘሻት?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። በአማርኛ መጮኼን ሲሰሙ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ሻርፑን መመለሴን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጄን ያዙ።

«ትኖራለች አሉሽ?»

ሰሚራ ከአልጋው ማዶ ቆማ ታየኛለች። «አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ሆኖም እኒህ ሰው ያን ቀን ያደረጉልኝን አሰብኩ፣ ያንኑ ልመልስላቸው ፈለግኩ።

«አላውቅም ነው ያሉኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ብዙዎቹ ይሞታሉ አሉ።»

«እሺ» አሉ። እጄን አልለቀቁም። ሌላ ግን አልጠየቁኝም። የሄድኩት ሐሙስ ነበር። ዓርብ ሰሚራ ደወለች።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ማሪከ ፎቶ ላከችልኝ። ኤሊዋ ገንዳ ውስጥ ናት፤ አፏ ላይ የተቆረጠ ዓሣ ይታያል። መብላት ጀምራለች፣ ከእንግዲህ ትድናለች፣ ጤናዋ ሲመለስ ሞቅ ወዳለ ባሕር ትወሰዳለች ብላ ጽፋለች። ፎቶውን ይዤ ካፔለ ሄድኩ። ለሰሚራ ላሳያት ነበር የሄድኩት፤ ከሐዘኗ ጋር አንድ ደስ የሚል ነገር ይኑራት ብዬ።

ሰሚራ ገና ሳልቀመጥ ማውራት ጀመረች። ከእኔ መሄድ በኋላ አባቷ መተኛት እንዳቃታቸው፣ ስልኩን እያዩ «ደወሉ? ኤሊዋ እንዴት ሆነች?» እያሉ እንደጠየቋት ነገረችኝ።

«ትንፋሹ እየከበደ እንኳ ይጠብቅ ነበር፣ ታንተ። ‹ድናለች› ብለው አያምነኝም፤ አንቺ አይታወቅም ብለሽዋል። ከመጠበቅ እንዲያርፍ ብዬ ‹ደወሉ፣ ፓፓ፤ ሞታለች፣ በቃ ተዋት› አልኩት። ‹እሺ› አለ። ከዚያ ተኛ።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ጥሩ አላደረግኩም እንዴ?»

ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ፎቶው እላዩ ላይ ነበር። እሳቸው ቢሆኑ ምን እንደሚሏት አውቃለሁ፤ ለእኔ ብለውኛልና።

«ደግ አደረግሽ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «አሳረፍሽው።»

ሰሚራ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። እውነቱን እዚህ የጻፍኩት ስለዚህ ነው።